የሽብሩ ዕድሜ

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ አንድ ሽማግሌ መጥተው ተቀመጡ። የለበሱት ባና ነው፤ ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ጥቁርና ወፍራም የመንዝ ባና። ዝናቡን ጠጥቶ ስለነበር ሽታው ታክሲውን ወዲያው ሞላው። ረዳቱ ፊቱን አጨማዶ ከመስኮቱ ጋር ይታገላል፣ ከኋላ አንዷ ሽቶዋን አውጥታ ትረጫለች። እኔ ዝም ብዬ ሳብኩት። ጥሩ ሽታ ነው ብዬ አልዋሽም፤ እርጥብ ጠጉርና የቆየ ጭስ ነው። ግን አፍንጫ ከጭንቅላት ይልቅ ያስታውሳል። "አገርዎ የት ነው አባቴ?" አልኳቸው። "ቀየት" አሉኝ፣ ሌላ አገር መኖሩንም የሰሙ አይመስሉም።  መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። በእነዚህ አሮጌ ጉልበቶቼ በጭቃው ወደ ኋላ ስመለስ መንገዱን ሁሉ የማስበው ሽብሩን ነበር።

ያን ጊዜ እኔም ሰው ነበርኩ፤ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ የምወጣ። ዘመኑ መንግሥት ተለውጦ አዲሶቹ ከገቡ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው። ትክክለኛውን ዓመት አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት የምይዘው በልብስ ነው። ያኔ የምለብሰው ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለበት ሰማያዊ ቱታ ነበር፤ የመርካቶ ሰፊዎች የውጭውን አይተው የሚሰፉት። የውጭው ሦስት መስመር ካለው የእነሱ አራት ነበረው፤ "መርቀውልን ነው" እያልን እንስቅ ነበር። ደህና ጫማ ያለው ጌታ ነው፤ የሌለን በቻይና ሸራ እንዘላለን፤ ዝናብ የነካው ቀን ሶሉ አፉን ይከፍታል። ሻይ በስሙኒ፣ ቦምቦሊኖ በስሙኒ። ከልምምድ ስንወጣ ከሜዳው ማዶ ጥግ ላይ ያለችውን ኪዮስክ ተደግፈን እንቆማለን። ባለ ኪዮስኩ ቴፑን ወደ መንገዱ አዙሮ ያንኑ አንድ ካሴት ቀኑን ሙሉ ያጫውታል፤ ክሩ ሲጎተት ዘፋኟ ድምፅዋ እየወፈረ ወንድ ትሆናለች፣ ያኔ ካሴቱን አውጥቶ በእስክሪብቶ ይጠመጥመዋል። ዛሬ ያ ጥግ ባለ መስታወት ፎቅ ሆኗል። በቅርቡ ገብቼ ሻይ ጠጣሁ፤ ዋጋውን ሲነግሩኝ ኪዮስኩን ከነባለቤቱ የገዛሁት መሰለኝ።

እኔ የአንድ ቅርጫት ኳስ ክለብ ምክትል አሠልጣኝ ነበርኩ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ ሽንፈታችንን የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ። በክለቦች መካከል አንድ ወግ ነበር። የኮሌጆች ውድድር ባለቀ ቁጥር፣ ጥሩ ጥሩ ልጆች ላይ እንዳይሻሙ አሠልጣኞቹ ይሰበሰቡና ተራ ይዘው አንድ አንድ ተጫዋች ይመርጣሉ፤ መጀመሪያ የሚመርጠው የዓመቱ ጭራ ነው። ያን ዓመት ጭራው እኛ ነበርን። ዋናው አሠልጣኝ ግርማ በውጤቱ እያፈረ በተራው ተደስቶ ከረመ። የእኔ ሥራ ደግሞ ማየት ነው። ከሰው ጀርባ ተቀምጬ፣ ኳሷን ትቼ እግር እግር አያለሁ። ማን ይደክማል፣ ማን ሲደክም ይዋሻል፣ ማን ሲሸነፍ ጓደኛውን ይገላምጣል። በዚህ ዓይኔ እኮራ ነበር፤ አሁን መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም።

ሽብሩን ያየሁት ደጋው ላይ ካለ አንድ የመምህራን ኮሌጅ በመጣ ቡድን ውስጥ ነው። ጋርድ ነበር፤ ኳሷን ከኋላ እያነጠረ አምጥቶ ማን የት ይሁን፣ ማን መቼ ይሩጥ የሚለውን የሚወስን። ቁመቱ ለቅርጫት ኳስ አጭር ባይባልም ረጅም አይባልም። ግራ እጁ ደካማ ነው፣ ውርወራው ጠፍጣፋ። ከጆሮው በላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ ተመልካቹ "አባባ! አባባ፣ ቀስ ይበሉ!" እያለ ይቀልድበታል። ከዳኛ አይጣላም፣ አይቸኩልም፣ ሌሎቹ ሲንጫጩ እሱ እንደ ቄስ ረጋ ይላል። እስከዚህ ድረስ ብዙ አይቻለሁ፤ ዕድሜ የሰጠው ብልሃት ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ግን ሽብሩ ሰው ወደሌለበት ያቀብላል። ኳሷ ባዶ ቦታ ላይ ትሄዳለች፣ እኔ አፌን ለስድብ እከፍታለሁ፣ ያኔ አንዱ ጓደኛው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ እዚያው ይደርሳል። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ነው እል ነበር፤ ጨዋታውን ሙሉ እንዲህ ነው። በኋላ ጓደኞቹን ጠጋ ብዬ ስጠይቅ፣ "እኛ ኳሷን አይተን ነው የምንሮጠው። እሱ ከላከ ክፍት ነው ማለት ነው" አሉኝ። "እሱስ ምን አይቶ ነው የሚልከው?" ስል እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሳቀና "እሱ በስድስት ነው የሚጫወት" አለ። ሌላው በክርኑ ጎሸመው። 

ወደ ግርማ ሄጄ "አገኘሁልህ" አልኩት። ግርማ የልጁን መመዝገቢያ ወረቀት አየና ብድግ አለ። "ሃያ ዘጠኝ ዓመት! አንተ ሰውዬ፣ ሲያረጁ አምባር ይዋጁ! የመጀመሪያ ተራዬን ለጡረተኛ ልሰጥ?" ልክ ነበር። የክለቡ ኮሚቴ ከሃያ አምስት በላይ አልቀበልም ብሏል፤ ለዓመታት የሚሮጥ እግር ነው የሚፈለገው። እኔ ግን አንድ ነገር ይዤ ነበር። አምና በዚሁ ውድድር ላይ፣ ገና ልብ ሳልለው፣ እንደ ሁሉም ተጫዋች ቁመቱን ለክቼው ነበር፤ ዘንድሮ ስለካው ሁለት ጣት ጨምሯል። የሱሪውም ጫፍ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቷል። "የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲያድግ አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት። ግርማ አላየም። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለ፣ ሞኙ ኮሚቴው መሆኑ ነው፤ "ሂድ። ወላጁ ከአገር ሽማግሌ ጋር ቀበሌ ቀርቦ ዕድሜውን ይመስክርና ማኅተም ይዘህ ና። ካልሆነ ያንን ረጅሙን ልጅ እመርጣለሁ።"

ኮሌጁ ተዘግቶ ሽብሩ መንዝ ውስጥ ቀየት፣ እናቱ ዘንድ ገብቶ ነበር። በአውቶቡስ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ወዲያ በአይሱዙ ጭነት ላይ። የአውቶቡሱ ቴፕ መሰንቆ ነው፤ ሾፌሩ አቀበት ላይ ማርሽ ሲቀይር መሰንቆውም አብሮት የሚያቃስት ይመስላል። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ ቆሎ እያዘገኑኝ ስለ ልጃቸው ፍርድ ቤት ሲነግሩኝ አረፈድን። አይሱዙው ላይ እያለን ጉም ገባብን። የአዲስ አበባ ሰው ጉም አየሁ ሲል እስቃለሁ። የመንዝ ጉም ይመጣል፤ ሰው እንደሚመጣ፣ መሬቱን ተከትሎ፣ ከገደሉ ስር ተነስቶ። ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው ጀርባ ለመንካት እጄን ዘረጋሁ፣ መኖሩን ለማረጋገጥ። ሰውዬው ሳይዞር "አለሁ" አለኝ። የለመደው ነገር መሆኑ ነው።

ሽብሩ ፌርማታው ላይ ቆሞ አገኘሁት። እንደምመጣ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። "መኪና ሲመጣ ሁሌም እወጣለሁ ጋሼ" አለኝ፤ ይሁን ብዬ ተቀበልኩት። ወደ ቤታቸው ስንወጣ ስለ ምርጫው አንድም አልጠየቀኝ፣ ግን እጁ አርፎ አልተቀመጠም፤ ባዶ እጁን እያነጠረ ይሄዳል። በመጨረሻ ቆመና፣ "ካልተመረጥሁ መስከረም ላይ ወደተመደብሁበት ማስተማር እሄዳለሁ። እዚያ ሜዳ የለም፣ ኳስም የለም። ጋሼ፣ እኔ ሌላ የሚያምርብኝ ነገር የለም" አለ። ስለ ዕድሜው ስጠይቀው ግን "እመትን ይጠይቋት" ብሎ ፊቱን አዞረ። እመት የሚላት እናቱን ነው።

በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሲጫወት ለማየት ሄድኩ። ከባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የተቸነከረ የበርሜል ቀለበት አለ፤ ቅርጫቱ እሱ ነው። የሜዳው አንደኛው ጎን ገደል ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ ጥቂት ሳር፣ ከሳሩ ወዲያ አየር። አብረውት የሚጫወቱት አስተማሪዎችና ገበሬዎች፣ ሁሉም ፂማም፣ ሁሉም ባለ ትዳር ናቸው። ግዛው የሚባለው ጎበዝ እጄን ጨብጦ "ከሽብሩ ጋር አብሮ አደግ ነን። አንድ ቀን ነው ክርስትና የተነሳን" አለኝ። ግዛው ሠላሳውን የደፈነ ነው። ወረቀቱ እውነቱን ነው ማለት ነው አልኩ። "ትዝ ይልሃል፣" ይለዋል ለሽብሩ፣ "እዚያ አያ ማሞ ግቢ ከንብ ስንሸሽ?" ሽብሩም "አንተ ነህ ቀድመህ የሮጥህ፣ ጫማህን ጥለህ" ይለዋል። የሚያወሩት ሰው በልጅነቱ የሚያየውን ነው፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። የእናቱ ወንድም አያ ደምሴ ዳር ላይ ባናቸውን ተከናንበው ቆመው ነበር፤ በግ ነጋዴ ናቸው፣ ተጫዋች ሰው። በሆዴ ያለውን ሳያውቁት አልቀሩም። "ዕድሜውን ነው የምትፈልግ አሉ? ምን ያስቸግርሃል፣ አፉን ከፍተህ ጥርሱን እየው! እኛ በግ የምንገዛ በዚያው አይደል!" አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወደ ገደሉ አዩ፤ ጉሙ መጥቶ ነበር።

ጨዋታው አልቆመም፤ እዚያ አገር በጉም ምክንያት የሚቆም ሥራ የለም። እኔ የማየው ሲገቡና ሲወጡ ግማሽ ግማሽ ሰው ነው። ሽብሩ ኳሷን ይዞ መሀል ደረሰ፣ ወደ ቅርጫቱ አየ፣ እና በደረቱ በኩል በሁለት እጁ ገፍቶ ወደ ገደሉ ጎን ላካት። በዚያ ወገን ማንም አልነበረም፤ አምስቱንም ቆጥሬያቸዋለሁ። ኳሷ ጉሙ ውስጥ ገባች። እኔ ድምፅ እጠብቃለሁ፣ ድንጋይ ላይ ስትነጥር፣ ስትወርድ። ምንም የለም። ከዚያ ኳሷ ተመለሰች። ተንከባላ አይደለም፤ በወገብ ቁመት፣ ቀጥ ብላ፣ ሰው ተቀብሎ እንደሚመልሳት። ሽብሩ ሳያይ ተቀበላትና አገባት።  ግዛው "ቀጥል" ብሎ ሮጠ።  ንፋስ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ንፋስ ቢኖር ጉም አይቆምም። ሽብሩን ጠርቼ ኳሷን ተቀበልኩት፤ ሌሊት ውጭ ያደረች ይመስል ቀዝቅዛለች። "ማን ነው የመለሰልህ?" አልኩት። "ሁሌም ይመልሳል" አለኝ፣ ውኃ ቀጂ ስለ ምንጭ እንደሚያወራ ያለ ፍርሃት። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁትም።

እናቱ እትዬ የሺ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ፊታቸው ገና አላረጀም፤ እጃቸው ግን አርጅቷል። ጠላ ተቀዳልኝ። ሽብሩ በግ ሊያስገባ ሲወጣ ጠብቄ "እትዬ የሺ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጅዎ ዕድሜው ስንት ነው?" አልኳቸው።

"ሃያ ዘጠኝ።"

"ሲያድግ አይቼዋለሁ እኮ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት አያድግም። ሲወልዱት ምን ዘመን ነበር?"

እንዝርቱ ቆመ። "የቱን ጊዜ?" አሉኝ። ያልገባኝ መሆኑን አይተው ጨመሩልኝ፤ "ሽብሩን ሁለት ጊዜ ነው የወለድሁት።"

እንዲህ ብለው ነገሩኝ፣ ጠጉሩን በጣታቸው እየፈለፈሉ። "ጓሳ፣ የሳሩ ተራራ፣ ተዘግቶ ኖሮ የተከፈተ ዓመት ነው። ሽማግሎች ፈቀዱና ለቤት ክዳን ሳር ልናጭድ አገሩ ሁሉ ወጣን። ሽብሩ ሰባት ዓመቱ ነበር። የአህያዋን ገመድ ይዞ ከኋላዬ ነው። ጉሙ መጣ። 'ሽብሩ' ስለው 'እመት' ይለኛል፤ 'ሽብሩ' ስለው 'እመት' ይለኛል። ዘወር ብል አህያዋ ብቻ ናት። ድምፁ ግን አለ። ከወዲያ 'እመት' ይለኛል፣ ከወዲህ 'እመት' ይለኛል። አገሩ ሁሉ ስንት ቀን ፈለገ። ልብሱም አልተገኘ። ቄሱ ፍትሐት እናድርግለት፣ ልቅሶ ተቀመጪ አሉኝ። እንዴት አድርጌ? 'እመት' እያለኝ የለም ወይ? ነፍሰ ጡር ነበርሁ፣ በወሩ ወንድ ወለድሁ። ሽብሩ አልሁት። ዓመት ሲሞላው ሰዉ 'ስንት ሆነው?' አለኝ። 'ስምንት' አልሁ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ከአንድ ብጀምር ሞተ ማለቴ አይደል?"

አገሩም አብሯቸው ቆጠረ። አንድ ሰው አልሳተም፣ አንድ ሰው አልሳቀም። ለሁለት ዓመት ሕፃን የዘጠኝ ዓመት ልጆች ጓደኛ ተሰጡት፤ ግዛውና እኩዮቹ የጠፋው ልጅ ባልንጀሮች ናቸውና ይህን እንደ እሱ አድርገው ያዙት፣ የእሱን ጨዋታ ነገሩት፣ የእሱን ቦታ ሰጡት። ትምህርት ቤት ሲገባ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፣ አሥራ አራት ተብሎ ተጻፈ፤ በገጠር ዘግይቶ የሚገባ ብዙ ስለሆነ ማንም አልደነቀው። እኔ ይህን ስሰማ፣ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው። ያየሁት ሁሉ ምክንያት አገኘ! ዕድሜውን ሙሉ በሰባት ዓመት ከሚበልጡት ጋር የተጫወተ ልጅ በጉልበት አይኖርም፤ ሌላው የት እንደሚደርስ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሃያ ዘጠኝ ጭንቅላት፣ የሃያ ሁለት እግር። አሠልጣኝ በሕልሙ የማያገኘው ነገር። ስለ ኳሷ ግን ምክንያት የለኝም፣ ዛሬም የለኝም።

ምስክርነቱን ነገርኳቸው። ቀበሌ ቀርበው "ይኸኛው ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው" ማለት እንዳለባቸው፣ አለበለዚያ እንደማይመረጥ። ሽብሩ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። "ተዉ ጋሼ" አለ። "እንዳያስገድዷት። እቀራለሁ።" ድምፁ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚናገረው፤ የፈለገ፣ በመፈለጉም ያፈረ ሰው ድምፅ ነው። እትዬ የሺ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት፣ ከእግሩ እስከ ራሱ፤ አጥሮ የቀረውን ሱሪ አዩ። "ካልተናገርሁ ትቀራለህ?" አሉት። ሱሪውን ወደ ታች ሳበ። "እስከ እሑድ ስጡኝ" አሉኝ። እነዚያን ቀናት ከቤታቸው ወደ ሜዳው ጫፍ እየሄዱ ጉሙ ሲመጣና ሲሄድ ሲያዩ ነበር። አንድ ቀን ከኋላቸው ቆሜ ነበርና "ሽብሩ" ብለው ቀስ ብለው ሲጣሩ ሰማሁ። ለመልሱ ጆሮዬን ጣልኩ። አልሰማሁም። እሳቸው ግን ሰው እንደመለሰላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰኞ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሽማግሎቹ፣ አያ ደምሴ፣ እኔ። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ደረቅ ሆኖ "የልጅዎ ዕድሜ?" አለ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። "ሽብሩ ልጄ ጓሳ ላይ ቀርቷል፣" አሉ ቃል በቃል። "ይኸኛው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።" ጸሐፊው ጻፈ፣ ማኅተሙን ትንፋሽ ሰጥቶ መታው። ማኅተሙ ሲያርፍ እሳቸውም መሬት ላይ አረፉ። ለቅሶው የመጣው ከሆዳቸው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የተያዘ ነገር ሲለቀቅ እንዲህ ይሆን እንደሁ አላውቅም። ወደ ቤታቸው ስንመልሳቸው ማንም መልእክት አልላከም፣ ማንም ጥሩንባ አልነፋም። ሴቶቹ ግን በየደጃቸው ቆመው ነበር፣ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰው። መቼ ለበሱት? ማን ነገራቸው? ተከተሉን እንጂ አልጠየቁንም።

እኔ ብዙ ልቅሶ አይቻለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ቅዳሜዬ በሙሉ ልቅሶ ነው። እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ሙሾ አውራጇ "ሽብሩ" እያለች ታለቅሳለች፣ ሰዉ "ሽብሩ፣ ሽብሩ" ይላል፣ ሽብሩ ደግሞ ማድጋ ተሸክሞ ለለቀስተኛው ጠላ ይቀዳል። ሰው እጁን እየያዘ "እግዜር ያጥናህ" ይለዋል። አንድ ሁለቴ ስሙ ሲጠራ ደንግጦ "አቤት" ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ግዛው ነው። ለአብሮ አደጉ ዓይኑ እስኪያብጥ አለቀሰ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሽብሩን ገና ዛሬ ያየው ይመስል አየውና፣ "አንተ ልጅ፣ ውኃ አቀብለኝ" አለው። እስከዚያች ቀን ድረስ ልጅ ብሎት አያውቅም። ሽብሩ ውኃውን በሁለት እጁ አቀበለው፣ ታናሽ ለታላቅ እንደሚያቀብል፣ ጎንበስ ብሎ።

ማኅተሙን ይዤ ገባሁ፣ ግርማ መረጠው። ሽብሩ አዲስ አበባ መጣ፤ ክለቡ ጫማ ሰጠው፣ የእውነት ጫማ። በዚያ ጫማ ከሜዳው እስከ ኪዮስኳ ይሮጥ ነበር፣ ወጣት ነው። ሽበቱ እንኳ የቀነሰ ይመስለኝ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ ያበደ ይሉኛል። ግራ እጁን ሠራነው፣ ውርወራውን አቃናነው። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ደህና ነበር። ጓደኛው ክፍት ሲሆን ያያል፣ ለእጁ ያቀብላል፣ ኳስ አያባክንም። ግርማ ረክቷል። "ደህና ጋርድ ነው፣ እግሩ ለስድስት ዓመት ይበቃናል" አለኝ፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ "ግን ያ ስታወራልኝ የነበረው ነገር የታለ?"

የታለ። እኔም ከሰው ጀርባ ተቀምጬ ስጠብቅ ነበር። አንድም ጊዜ ወደ ባዶ ቦታ አላቀበለም። ጓደኞቹ ይሮጣሉ፣ ቦታው ይከፈታል፣ እሱ ኳሷን ይዞ ሰው እስኪታይ ይጠብቃል፤ እንደማንኛውም ደህና ጋርድ። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሁሉም ሲበተን አጠገቡ ተቀመጥኩ። የጫማውን ክር ይፈታል። እናቱን ጠየቅሁት፤ ደህና ናቸው፣ ይተኛሉ፣ ወደ ሜዳው ጫፍ መሄድ ትተዋል፣ እሱንም ሲጠሩት "ልጄ" ነው እንጂ በስሙ መጥራት አልቻሉም። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። ከዚያ በቁጣ ነው የጠየቅሁት፣ የምወደውን ሰው ስጠይቅ እንዲህ ነኝ፤ "አንተ! እንደ ድሮው የማታቀብለው ለምንድነው? ቦታው ተከፍቶ እያየህ ኳሷን ታቅፈህ የምትቆም!"

ሽብሩ ክሩን ይዞ ቀና አለ። አልተቆጣም፣ አላፈረም። መልሱን ከእኔ የሚፈልግ ልጅ ፊት ነበር።

"ለማን ጋሼ?" አለኝ።